የሳምንቱ ቃል፦ ልብ



ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቻችሁ ጋር ልብ አድርግ፣ ልበ ሙሉ፣ ልብ ወለድ እያልን ስንማር አንዲት ተማሪ «እናቴ ‹ልቤ ደከመ› ካለችኝ ለ911 ምን ልበል?» ብላ ጠየቀች። ግማሹ ክፍል «ደክሟታል» ብሎ ተረጎመው። እኛ መምህራኑ ተያየን። በየቤቱ ስልክ የሚያስተረጉሙት እኮ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ከቃሉ እንለፍ። ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሽቦ ግን የለውም። አንዱ ሴል እንደ ፖታሲየምና ሶዲየም ያሉ ጨዎችን እያስገባና እያስወጣ ምልክቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል። ጨዎቹን ወደየቦታቸው ለመመለስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለዚህ ጉልበት ደግሞ ደም የሚያመጣው ኦክስጅን ያስፈልጋል። የልብ ደም ስር ሲዘጋ ፖታሲየሙ ከሴሉ ውጭ ይጠራቀማል፤ ምልክቱ በጤነኛው በኩል ፈጥኖ ሲያልፍ በተጎዳው በኩል ይንፏቀቃል። ዘግይቶ የወጣው ምልክት ያለፈበትን ቦታ እንደገና ከቀሰቀሰ መሽከርከር ይጀምራል። ያኔ ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመታም። ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንዳንዴ ደግሞ ምልክቱ መሀል መንገድ ላይ ይቆምና ልብ በጣም ቀስ ይላል፤ ያዞራል፣ ያጥወለውላል።

911 ደውላችሁ የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ «ቤታችን መቼ ተቃጠለ?» ያላችሁ አትጠፉም! ነገሩ የቆየ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ጄምስ ዋረንና ባልደረቦቻቸው እዚሁ ኮለምበስ «ሃርትሞቢል» የሚባል መኪና አሰማሩ። ሐኪምና የእሳት አደጋ ሠራተኞች አብረው ይሄዱበት ነበር። መንቀጥቀጡ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያው ሰዓት ስለሆነ፣ በሽተኛው ሆስፒታል እስኪደርስ ከመጠበቅ ማሽኑን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይሻላል ብለው ነው። በራሳችሁ መኪና ይዛችሁት ብትሮጡ ግን ያ ማሽን ከእናንተ ጋር የለም። ሂልቶፕ ውስጥ ሆስፒታሉ የቱንም ያህል ቅርብ ቢመስላችሁ ደውሉ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ የእናንተም ነው። «ደረቴን ወጥሮ ያዘኝ»፣ «ክንዴና መንጋጋዬ ድረስ ይሰማኛል»፣ «ላብ በላብ ሆንኩ»፣ «ትንፋሽ አጠረኝ»፤ እነዚህን ከልጃችሁ ጋር በሁለቱም ቋንቋ ተለማመዱ። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች የደረት ሕመሙ ላይኖርም ይችላል፤ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ አትተኙ። የወደቀው ሰው ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋችሁ የደረቱን መሀል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ።

የቤታችሁን አድራሻም ልጆቹ በቃላቸው ይያዙት። ቅዳሜ እንጠይቃቸዋለን።