ለቅብጥብጥ ልጅ ከዱላ ይልቅ ሥርዓት

በክፍል ውስጥ ረግቶ መቀመጥ የሚሳነው፣ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መልስ የሚወረውር፣ ዛሬ የተገዛለትን እርሳስ ነገ የሚጥል ልጅ በኅብረተሰባችን ዘንድ ብዙ ስም አለው። «ቀዥቃዣ»፣ «ልበ ቢስ»፣ ሲብስም «ባለጌ» ይባላል። ስሙ ከወጣለት በኋላ ማረሚያውም የታወቀ ነው፤ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ፣ አርጩሜ፣ አንዳንዴም በርበሬ ማጠን። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከእነዚህ ልጆች የአንዳንዶቹ ችግር የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የአእምሮ ዕድገት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ዋነኛው እርዳታ የሚገኘው በሩቅ ከተማ ካለ ሐኪም ዘንድ ብቻ ሳይሆን በወላጅና በመምህር እጅ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

በሕክምናው ዓለም የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር፣ በምሕጻር ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል። የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 በለንደን ባቀረባቸው ንግግሮች፣ የማሰብ ችሎታቸው ሳይጎድል ራሳቸውን መግታት የሚያቅታቸውን ልጆች ገልጾ ነበር። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ያመለክታሉ። በአገራችንም በኦሮሚያ ክልል ጊርጃ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 7.3 በመቶ አግኝቷል። ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ የአእምሮ ምስል ጥናት ደግሞ፣ በእነዚህ ልጆች ዘንድ የአእምሮ ውጫዊ ሽፋን ወደ ሙሉ ውፍረቱ የሚደርሰው ከእኩዮቻቸው ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ እንደሆነ አመልክቷል። መዘግየቱ ጎልቶ የታየው ትኩረትንና ራስን መግታትን በሚመራው የግንባር ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ መግረፍ ቁመቱ ስላጠረ እንደ መግረፍ ይቆጠራል።

በአብደራፊ ዓይን ሲታይ

ይሁን እንጂ ቅብጥብጥና ፈዛዛ ሁሉ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለበት ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኘውን አብደራፊን እንመልከት። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ የወባና የካላዛርም አገር ነው። በኡጋንዳ የተካሄደ ጥናት ወባ አእምሯቸውን አጥቅቶ ከዳኑ ልጆች ከአራቱ አንዱ ያህል ከሁለት ዓመት በኋላም የማሰብና የትኩረት ጉድለት እንደታየበት አረጋግጧል። የደም ማነስ ያለበት፣ ጆሮው በሚገባ የማይሰማ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅም ልቡ ከትምህርቱ ይሸሻል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት ያስደነገጠው ልጅም እንዲሁ ነው። ስለሆነም ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየታቸውን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየታቸውንና ኑሮውን በእርግጥ ማወካቸውን ሳያጣሩ ስም መለጠፍ ሌላ ስሕተት ነው። ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሙን ማስመርመርና ጆሮውንና ዓይኑን ማሳየት የመጀመሪያው እርምጃ ይሁን።

አብደራፊ ሌላም ትምህርት ትሰጠናለች። የሰሊጥ አዝመራ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ደርሶ ዛላው ከተከፈተ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋልና አጨዳው በጥድፊያ ይካሄዳል። በክፍል «ሰነፍ» የሚባል ልጅ በዚህ ጥድፊያ ነዶ ሲያቀብል «ጎበዝ» ቢባል ሊያስደንቀን አይገባም። ሥራው አጭር ነው፤ ፍጻሜው በዓይን ይታያል፤ ሰውነት ይንቀሳቀሳል፤ ምስጋናውም ወዲያው ይመጣል። ይህን ማለት ልጆች ከትምህርት ቀርተው በአዝመራ ይሰማሩ ማለት አይደለም። ለዚህ ልጅ ተስማሚ የሆነውን የሥራ መልክ ከማሳው ወስደን ወደ ክፍሉ እናምጣ ማለት ነው።

በቤትና በክፍል ምን ይደረግ?

እናት «ፊትህን ታጠብ፣ በጎቹን አስገባ፣ ከዚያ አጥና» ብላ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ከምትሰጠው አንዱን ትንገረው፤ ሲፈጽም አመስግና ሁለተኛውን ትጨምርለት። የመኝታውና የጥናቱ ሰዓት በየቀኑ አንድ ይሁን። መምህሩ ከመስኮትና ከበር ርቆ ከፊት ያስቀምጠው። አሥር ጥያቄ ለሁለት ተከፍሎ አምስት አምስት ሆኖ ይሰጠው። ሰሌዳ ማጥፋትና ደብተር ማደል የእሱ ሥራ ቢሆን መንቀሳቀሱ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ አገልግሎት ይሆናል። መምህርና ወላጅ በሁለት ወይም በሦስት ግቦች ተስማምተው በየዕለቱ መልእክት ይለዋወጡ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ በወረቀት ላይ የተደረገ አንድ ምልክት ይበቃል።

በጉርምስና ዕድሜ ሩጫውና ዝላዩ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ የውስጥ እረፍት ማጣቱ፣ መርሳቱና ሥራን ለነገ ማሳደሩ ግን ሊቀጥል ይችላል። ታዳጊው እንደ ሕፃን ከሚታዘዝ ይልቅ የጥናት ዕቅዱን ራሱ እንዲያወጣ ቢታገዝ ይሻላል። ይህን የምታነቡ ተማሪዎች መካከልም የተባለው ሁሉ በራሱ ላይ የደረሰ ይኖር ይሆናል፤ የማሰብ ችሎታ ማነስ ምልክት እንዳልሆነ ይወቅ።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል መምህር እውነቱን ነው። ሆኖም አንድን ልጅ ከፊት ማስቀመጥ ተጨማሪ ደመወዝ አይጠይቅም፤ በየዕለቱ እሱን ለመቅጣት የሚባክነው ጊዜም ቀላል አይደለም።

«ልጅ ካልተመታ አይታረም» የሚለው ሁለተኛው ነው። ዱላ ለጊዜው ያስፈራል፤ ራስን የመግታት ችሎታን ግን አያስተምርም። ይህ ማለት ልጁ ልቅ ይተው ማለት አይደለም። ቅጣት ሲያስፈልግ ትንሽ፣ ፈጣንና አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ ከጨዋታ ለጥቂት ደቂቃ መገለል። ከዚህም በላይ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

መድኃኒትስ? ሜቲልፌኒዴት የተባለው መድኃኒት ብዙዎችን ይረዳል፤ እንደ ነውር ሊታይ አይገባም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ልዩ ሥልጠና የሌለው ባለሙያ ወላጅን በማስተማርና የልጁን ጠባይ በዘዴ በመምራት እንዲጀምር፣ መድኃኒቱን ግን ያለ ስፔሻሊስት ምክር እንዳያዝ ያሳስባል። ችግሩ የከበደበት ልጅ እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይላክ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንዳንዴም ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚሠራው ሥራ በቤትና በክፍል አለ።

ካላዛር በአብደራፊ ለረጅም ዓመታት ሲታከም የቆየው በሽታው ስም አግኝቶ ስለታወቀ ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ስለ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ ወደ አብደራፊና ወደ መተማ የሚመደበው ወጣት መምህር ከአርጩሜ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ይሄዳል። ነገ ከእናንተ መካከል ወደዚያ የምትመደቡ አላችሁና፣ ዝግጅቱ ከአሁኑ ይጀመር።