አንድ ስም፣ ሁለት ቁጥር፦ አፕስኬሊንግና የቪዲዮ ጌም የምስል ጥራት

በቪዲዮ ጌም ማስታወቂያዎች ላይ «ፎር ኬ» የሚለው ስያሜ የጥራት ማኅተም ሆኖ ማገልገል ከጀመረ ሰነባብቷል። ስያሜው በጌም ማስታወቂያ ግልጽ ትርጉም ነበረው፦ በአግድም 3840፣ በቁመት 2160፣ በጠቅላላው 8,294,400 ፒክስል የያዘ ምስል ማለት ነው፤ ይህም 2,073,600 ፒክስል ካለው የ1920 በ1080 ምስል አራት እጥፍ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ ግን ወደ ስክሪኑ የሚላከው የፒክስል ብዛትና የግራፊክስ ካርዱ በእርግጥ ያሰላው የፒክስል ብዛት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ካርዱ አነስተኛ ምስል ይሠራል፤ ቀሪውን አፕስኬሊንግ የተባለው ምስልን የማሳደግ ሂደት ይሞላዋል። ችግሩ የሂደቱ መኖር አይደለም፤ የስሌት ሪዞሉሽን ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥርና የውጤት ሪዞሉሽን ሊባል የሚገባው ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ሁለቱ ካልተለዩ አንድ የጥናት ውጤት ከሌላው ጋር በአግባቡ ሊነጻጸር አይችልም፤ ተጠቃሚውም የከፈለበትን ነገር ለይቶ አያውቅም።

የአፕስኬሊንግ አስፈላጊነት ከጊዜ እጥረት ይመነጫል። አንድ ጌም በሴኮንድ 60 ፍሬም ያሳይ ዘንድ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ቅጽበት ውስጥ የቁሶች ቅርጽ፣ ጥላ፣ ነጸብራቅና ቀለም ተሰልቶ ማለቅ አለበት። ሬይ ትሬሲንግን የመሳሰሉ የብርሃንን ጉዞ የሚከተሉ ስሌቶች ሲታከሉበት፣ የፒክስሉ ብዛት በአራት እጥፍ ማደጉ ለብዙ መሣሪያዎች ከአቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ፒክስል አስልቶ ቀሪውን መገመት ምክንያታዊ የምሕንድስና ምርጫ ነው።

ይሁን እንጂ ግምት ሁሉ እኩል አይደለም። ቀላሉ ዘዴ የጎረቤት ፒክስሎችን አማካይ ወስዶ ክፍተቱን ይሞላል፤ አዲስ መረጃ ስለማይጨምር ምስሉ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ በበርካታ ጌሞች የተጠቀመበት ዘዴ በእያንዳንዱ ፍሬም እንደ ዳማ ሰሌዳ ግማሹን ፒክስል ብቻ አስልቶ ቀሪውን ካለፈው ፍሬም በመታገዝ የሚያሟላ ነበር። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2018 በነርቭ መረብ ላይ የተመሠረተውን ዲ.ኤል.ኤስ.ኤስን አስተዋወቀ። የመጀመሪያው ስሪት ለእያንዳንዱ ጌም ለብቻው መሠልጠን ያስፈልገው ነበር፤ በ2020 የወጣው ሁለተኛው ስሪት ግን ለተለያዩ ጌሞች በሚያገለግል አንድ መረብ ይሠራል። የኤ.ኤም.ዲ ኤፍ.ኤስ.አር ደግሞ በ2021 አንድን ፍሬም ብቻ የሚመለከት ሆኖ ተጀምሮ፣ በ2022 በሁለተኛው ስሪቱ ያለፉ ፍሬሞችንም መጠቀም ጀመረ።

የእነዚህ አዳዲስ ስሪቶች ቁልፍ ጊዜ ነው። ስሌቱ የሚካሄድበት ነጥብ በየፍሬሙ ከአንድ ፒክስል ባነሰ ርቀት እንዲዛወር ይደረጋል፤ ከዚያም ያለፉት ፍሬሞች ናሙናዎች በእንቅስቃሴ ቬክተሮች እየተመሩ ወደ አሁኑ ፍሬም ይታከላሉ። በዚህ ምክንያት የሚጨመረው ዝርዝር በአመዛኙ ካለፉት ፍሬሞች የተሰበሰበ እውነተኛ መረጃ ነው። እንቅስቃሴ በሌለበት ትዕይንት ላይ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ከተሰላ ምስል ጋር ሊቀራረብ፣ አንዳንዴም የጠርዝ ማለስለሻው ደካማ ከሆነ ምስል ሊሻል የሚችለው ለዚህ ነው። ድክመቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ከጀርባው የሚገለጠው ግድግዳ ባለፉት ፍሬሞች ውስጥ ናሙና የለውም። ዝናብ፣ ጭስና ብልጭታ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ የእንቅስቃሴ ቬክተር አይኖራቸውም። ቀጭን ሽቦና የአጥር መረብ በአንዱ ፍሬም ተይዞ ከሌላው ያመልጣል። ውጤቱ ከቁሱ ኋላ የሚጎተት ዱካ፣ መርገብገብና ብዥታ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለተመራማሪ ከባድ ነው፦ የቆመ ምስል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ኤስ.ኤስ.አይ.ኤም እና ከእርሱ የሚቀድመው ፒ.ኤስ.ኤን.አር አንድን ምስል ከማመሳከሪያ ምስል ጋር የሚያወዳድሩ መለኪያዎች ናቸው፤ በፍሬሞች መካከል የሚሆነውን አይመለከቱም። አንዱ ቪዲዮ በሁሉም ፍሬሞች ላይ በአንድ ቦታ የጸና ስሕተት፣ ሌላው በየፍሬሙ ቦታውን የሚለዋውጥ ስሕተት ቢኖረው፣ የሁለቱ አማካይ ነጥብ እኩል ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ግን የመጀመሪያውን ሳያስተውል ሊያልፈው ሲችል ሁለተኛው ዓይኑን ይረብሸዋል።

ጥራት ከመመልከቻ ርቀት ተነጥሎም ሊነገር አይገባም። ጤነኛ ዓይን 1 የማዕዘን ደቂቃ ያህል የሆነ ዝርዝር ይለያል ተብሎ በተለምዶ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት መሠረት በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የ1920 በ1080 ምስል ፒክስሎች ከ2.2 ሜትር ገደማ በላይ ሲርቁ ለየብቻ አይለዩም። በ60 ሴንቲሜትር ርቀት በሚታይ 27 ኢንች ሞኒተር ላይ ግን እያንዳንዳቸው 1.8 የማዕዘን ደቂቃ ያህል ስለሚይዙ ሊለዩ ይችላሉ። ስሌቱ የመነሻ ግምት እንጂ የመጨረሻ ወሰን አይደለም፤ የተሰባበረ መስመርንና የሚርገበገብ ነጥብን ዓይን ከዚያ በራቀ ቦታም ሊያስተውል ይችላል። ሆኖም «የተሻለ ምስል» የሚል ድምዳሜ የስክሪኑን መጠንና ርቀቱን ሳይገልጽ ሲቀርብ ግማሹ ጎድሏል።

«ተጫዋቹ የሚፈርደው በሚያየው ነው፤ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ ምን ያደርግለታል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ስያሜዎቹ የሚሸፍኑትን ልዩነት አይመለከትም። በዲ.ኤል.ኤስ.ኤስም ሆነ በኤፍ.ኤስ.አር 2 «ፐርፎርማንስ» የተባለው ምርጫ የምስሉን አግድምና ቁመት በግማሽ ቀንሶ ያሰላል። በፎር ኬ ስክሪን ላይ መነሻው 1920 በ1080 ይሆናል፤ በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ግን 960 በ540፣ ማለትም 518,400 ፒክስል ብቻ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ መነሻው በአራት እጥፍ ይለያያል፤ የሚጠቀመውም ቀድሞውኑ ውድ ስክሪን ያለው ነው። ጉዳዩ ከምርጫ ወደ ግዴታ እየተሸጋገረም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አለን ዌክ 2 ዝቅተኛውን የሃርድዌር መስፈርት ሲያሳውቅ አፕስኬሊንግን አካትቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የሬምናንት 2 አዘጋጆች ጌማቸው አፕስኬሊንግን ታሳቢ አድርጎ መነደፉን ገልጸዋል። መግለጻቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ሸክሙ ግን የሚያርፈው አቅሙ ውስን የሆነ ኮምፒውተር በያዘው ተጫዋች ላይ ነው።

በአማርኛ ጌም ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ገጽታ አለው። የፊደሎቻችን ልዩነት ብዙ ጊዜ በትንሽ ቅጥያ ላይ ይመሠረታል፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ቅጥያው በእግሩ ወገብ ወይም በግርጌው መቀመጡ ነው። በትንሽ ሪዞሉሽን ተሰልቶ በግምት ያደገ ጽሑፍ ይህን ልዩነት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የምናሌ ጽሑፍና የትርጉም መስመር ከአፕስኬሊንጉ በኋላ በውጤት ሪዞሉሽን መሣል ይኖርባቸዋል።

በመሆኑም ሦስት ልማዶች ሊጸኑ ይገባል። አንደኛ፣ ማንኛውም የጌም ምስል ጥናት የስሌት ሪዞሉሽንንና የውጤት ሪዞሉሽንን ለየብቻ፣ ከተጠቀመበት ዘዴና ስሪት ጋር ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ ንጽጽሩ በሚንቀሳቀሱ ትዕይንቶች ላይ ተመሥርቶ የስክሪኑን መጠንና የመመልከቻ ርቀቱን ይግለጽ። ሦስተኛ፣ የጌም አዘጋጆች በመስፈርቶቻቸው ውስጥ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ይህን ማድረግ አዲስ መሣሪያም ሆነ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም፤ ቁጥሮቹ በአዘጋጆቹ እጅ ያሉ ናቸው። አፕስኬሊንግ የዘመኑ ጠቃሚ ግኝት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጥቅሙ በትክክል ሊመዘን የሚችለው ግን ከምን ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሲታወቅ ነው።