የእሁድ ሐሳብ፦ ለሰሊጡ አየር ከፍተን ለተከራዩ የደፈንን ሰዎች



ዛሬ እሁድ ነው፣ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም። የቡናና የሰሊጥን የሳምንት እንቅስቃሴ ነገ ጠዋት እንደተለመደው እንለጥፋለን። ዛሬ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ጋዝ ምርመራ ላወራችሁ ነው። «ይሄ ደግሞ ከገበያ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ መጨረሻው ሁላችንም ጋ ይደርሳል። ከእኛ መሃል በግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል የማያከራይ ነጋዴ ስንት ነው? መጋዘኑ ጥግ ጥበቃ የማያሳድር ላኪስ? ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ሠራተኛ የማያሳድር ዩኒየንስ?

ባለፈው ዓመት ለንደን ታናሽ እህቴ ጋ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ ነበር። የምትኖረው በኪራይ ነው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሆነን በር ተንኳኳ። የመሣሪያ ሻንጣ የያዘ ሰው ነው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ አሳየ። እህቴ መታወቂያውን ተቀብላ ፊቱን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አነበበች፣ ከዚያ አስገባችው።

«ፖሊስ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! ጋዝ የሚያይ ሰው ነው። በየዓመቱ ይመጣል።»

ሰውዬው የውሃ ማሞቂያውን ከፍቶ እሳቱን አየ፣ ግፊቱን ለካ፣ የተቃጠለው ጭስ ወደ ውጭ መውጣቱን ፈተሸ፣ ምድጃውን ተመለከተ፣ የአየር ማስገቢያው አለመደፈኑን አረጋገጠ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሲሄድ እህቴን «ስንት ከፈልሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን አገባኝ፣ የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ነው።»

«ባይከፍልስ?»

«ይከሰሳላ!»

በቃ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ነገሩን ሁሉ አስነበብኳት። ነገሩ እንዲህ ነው። በብሪታንያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የጋዝ ደህንነት ደንብ አለ። ቤት የሚያከራይ ሰው ያቀረባቸውን የጋዝ ዕቃዎችና የጭስ መውጫዎቻቸውን በየ12 ወሩ ማስመርመር ግዴታው ነው። መርማሪው ማንም ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ «ጋዝ ሴፍ ሬጅስተር» በሚባለው መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ባለሙያ መሆን አለበት። የመታወቂያው ጀርባ በየትኛው የጋዝ ሥራ ላይ ብቃት እንዳለው ይናገራል። እህቴ ገልብጣ ያነበበችው ይህንኑ ነው።

ከምርመራው በኋላ ወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱ ላይ የቤቱ አድራሻ፣ የባለቤቱ ስም፣ የታየው ዕቃና ያለበት ቦታ፣ የተገኘው ጉድለት፣ የተወሰደው እርምጃ፣ ቀኑ፣ የመርማሪው ስም፣ ፊርማና የምዝገባ ቁጥር ይሰፍራል። ለነባር ተከራይ በ28 ቀን ውስጥ ቅጂው ይሰጠዋል። አዲስ ተከራይ ከሆነ ገና ሳይገባ ነው የሚሰጠው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ባለቤቱ ቀነ ገደቡ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ቢያስመረምር እንኳ የዓመቱ ቀን አይዛባበትም። ቀድሞ ያስመረመረ አይጎዳም ማለት ነው።

ተከራዩ አላስገባም ካለስ? ባለቤቱ «እምቢ አለኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ደጋግሞ መጠየቁን፣ ደብዳቤ መጻፉን፣ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ማሳየት አለበት። ግን በር ሰብሮ አይገባም።

ለጋዝ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ግንቦት ወር፣ 1968 እ.ኤ.አ.፣ ምሥራቅ ለንደን። ሮናን ፖይንት የሚባል ባለ 22 ፎቅ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ አለ፣ ሰው ከገባበት ሁለት ወር ገደማ ነው። ማለዳ ላይ 18ኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ሻይ ልታፈላ ክብሪት ለኮሰች። ሌሊቱን ሲያፈስ ያደረው ጋዝ ፈነዳና የሕንፃው አንድ ጥግ ከላይ እስከ ታች ተደረመሰ። አራት ሰው ሞተ። እሷ ተረፈች። ሲጣራ ጋዙ የወጣው ቱቦውን ከምድጃው ጋር ከሚያያይዘው፣ ደረጃውን ካልጠበቀ አንዲት የናስ ብሎን ማሰሪያ ነበር። ሕንፃው ራሱ ደካማ መሆኑም ተጋልጧል፤ የግንባታ ሕጉም ከዚያ በኋላ ተቀይሯል። መነሻው ግን በመዳፍ የምትያዝ ብረት ናት።

ፍንዳታ ድምፅ አለው፤ ሰው ይሰማዋል፣ ጋዜጣ ይጽፈዋል። የባሰው ድምፅ የሌለው ነው። ጋዝም ሆነ ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ለቤት የሚቀርበው ጋዝ ቢያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የሚጨምርለት የለም። ደም ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ይደክማል። ሰው «ጉንፋን ያዘኝ» ብሎ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው።

ይህን ጋዝ ግን እኔ ያወቅኩት ለንደን ሄጄ አይደለም።

ግቢዬ ውስጥ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍል አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዱ ውስጥ አንድ ወጣት ከባለቤቱና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖር ነበር። የዚያን ዓመት ከክፍሉ ጀርባ ለሰሊጥ ማቆያ የሚሆን ትንሽ መጋዘን ሠራሁ። ግድግዳው የክፍሉን ብቸኛ መስኮት ደፈነው። «መብራት አለላችሁ እኮ» አልኳቸው። ምንም አላሉም። ተከራይ ምን ይላል?

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የዋለ ዕለት፣ ሕፃኑን ይበርደዋል ብለው ከሰሉን ከውጭ አስገቡና በሩን ዘጉ። ማታ የጎረቤት ክፍል ልጅ ክብሪት ልትጠይቅ ሄዳ ብታንኳኳ የሚከፍት አጣች። ጠርታኝ በሩን ገፍተን ገባን። እናትየዋ ወለል ላይ፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሕፃኑ ዝም ብሎ። ተሸክመን አወጣናቸው፣ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ሦስቱም ተረፉ።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ልጁ ወደ እኔ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አስቸገርንዎት።»

እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ። መስኮቱን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። መጋዘኑን ስሠራ ለሰሊጡ ከላይና ከታች የአየር ማስገቢያ አውጥቼለታለሁ። እርጥበቱን እለካለሁ፣ ሙቀቱን አያለሁ፣ በየሳምንቱ ከረጢቱ ከግድግዳ መራቁን እፈትሻለሁ። ምክንያቱም ሰሊጡ ከተበላሸ ገንዘቤ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሦስት ሰው አየር አጥቶ ነበር።

እኛ እኮ ስለ ምርመራና ስለ ወረቀት የሚያስተምረን ሰው አንፈልግም። ቡናችን ከአገር ከመውጣቱ በፊት ናሙናው ተቀምሶ ደረጃው ይረጋገጣል። ለሰሊጥ ፋይቶሳኒተሪ እናወጣለን፣ ፉሚጌሽን እናስደርጋለን። ማን ያስመረምራል? ሻጩ። ለምን? ዕቃው በእጁ ያለው እሱ ስለሆነ፣ ጉድለቱንም ማስተካከል የሚችለው እሱ ስለሆነ። ሃምቡርግ ያለ ገዢ «መጋዘንህን መጥቼ ልጥረግልህ» አይለንም። የኪራይ ቤትም እንዲሁ ነው። ቧንቧውን፣ ጭስ መውጫውንና መስኮቱን የያዘው ባለቤቱ ነው። ተከራይ ግድግዳ አይበሳም።

ትንሽ ነገር ትልቅ ገበያ እንደሚያሳጣም በራሳችን አይተነዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በቡናችን ላይ ከፈቀደችው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተብሎ ስንቱ ተጨነቀ። ጣት የተቀሰረው ጆንያው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ «ጆንያው ምን አገባኝ» የሚል ላኪ አላየሁም። ለደንበኛ ያደረግነውን ለተከራይ ለማድረግ ምን ያቅተናል?

ሦስት መልስ እንደሚመጣልኝ አውቃለሁ።

አንደኛው፦ «ወጪው ኪራይ ላይ ይጨመራል።» ሊሆን ይችላል። ግን በዓመት አንዴ የሚወጣን ለ12 ወር አካፍሉት። ቀለም ለመቀባት ከምናወጣው ይበልጣል ወይ? ቀለሙን የምንቀባው ኪራዩ እንዲጨምር ነው፣ ይሄኛውን የምናደርገው ሰው እንዳይሞት ነው።

ሁለተኛው፦ «ሲሊንደሩም ከሰሉም የተከራዩ ነው።» እውነት ነው። በብሪታንያም ተከራዩ ራሱ ገዝቶ ያመጣው ምድጃ ባለቤቱን በዓመታዊው ምርመራ አያስገድደውም። የከሰል ማንደጃም ጋዝ መርማሪ የሚያየው ነገር አይደለም። ግን አየር ማስገቢያው የማን ነው? ማድቤት የሌለው ግቢስ የማን ነው? ዝናብ ሲመጣ ከሰሉን ወዴት ይውሰደው?

ሦስተኛው፣ ከባዱም እሱ ነው፦ «እኛ አገር ወረቀት ይሸጣል። ምርመራ ቢባል ማኅተም ብቻ ይሆናል።» ይህን የሚለው ሰው ገበያውን ያውቃል፣ አልከራከረውም። ወረቀት ብቻውን ማንንም አያድንም። የለንደኑ ሥርዓት የሚሠራው ወረቀቱ መጨረሻ ላይ በተከራዩ እጅ ስለሚገባ ነው። ተከራዩ መታወቂያውን ገልብጦ ያያል፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ባለቤቱ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጠው ወረቀት ቢሆን ኖሮ እዚያም ቢሆን ይሸጥ ነበር። የእኛስ ዕቃ የታመነው ለምንድን ነው? ገዢው ሲደርሰው እንደገና ስለሚፈትሸው አይደል?

እንግዲህ ሕግ እስኪመጣ አንጠብቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውላችን በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አድርጓል። እኔ እስካሁን ያየሁት ውል ሁሉ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጊዜና ስለ ቁልፍ ነው። አንዲት ገጽ አባሪ ብንጨምር የሚከለክለን የለም። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፦

1. በየዓመቱ ግንቦት ሳያልቅ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁሉንም ክፍል ሙያ ካለው ሰው ጋር አያለሁ። መስኮትና አየር ማስገቢያ አለው? የሚከፈት ነው? የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ከታችም ቀዳዳ ያስፈልጋል።

2. ሲሊንደር የማቀርበው እኔ ከሆንኩ ጎማውንና ሬጉሌተሩን አስፈትሻለሁ። የተሰነጠቀ ጎማ በፕላስተር አይጠገንም፣ ይቀየራል። ማፍሰሱ የሚታየው በሳሙና አረፋ ነው፣ በክብሪት አይደለም!

3. ከሰል ለሚጠቀሙ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ማብሰያ ቦታ ውጭ ሠርቻለሁ። «ከሰል አታስገቡ» ማለት ብቻውን ምክር እንጂ መፍትሔ አይደለም።

4. የታየው፣ የተገኘው ጉድለትና የተስተካከለው በአንድ ገጽ ይጻፋል። ቀን አለው፣ ስም አለው፣ ፊርማ አለው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለተከራዩ።

5. ራስ ምታቱ ቤት ሲገቡ የሚብስ፣ ሲወጡ የሚሻል ከሆነ ጉንፋን አይደለም። በር ከፍተው እንዲወጡና ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ለተከራዮቼ በቃል እነግራለሁ።

የእንግሊዝ አከራዮች ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ውሃ ማሞቂያ ያለ የሚነድ ዕቃ በተተከለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲሰቅሉ ይገደዳሉ፤ የጋዝ ምድጃ ብቻ ያለበት ክፍል ግዴታው ውስጥ አይገባም። ከውጭ የምትመላለሱ ላኪዎች ሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንቂያ ብታስገቡ አይከብዳችሁም። ለጥበቃችሁ ክፍል አንዱን ስቀሉለት።

ዩኒየኖች ደግሞ ከግለሰብ ትቀድማላችሁ። በምርት ወቅት ጣቢያ ላይ የሚያድረው ሠራተኛ ሌሊት እንዴት እንደሚሞቅ የኦዲት ሰው ሳይጠይቃችሁ ጠይቁት።

የእኔ መስኮት አሁን ተከፍቷል። የመጋዘኑን ግድግዳ አንድ ሜትር ወደ ኋላ መለስኩት። ሃምሳ ከረጢት የሚይዝ ቦታ ቀርቶብኛል። ልጁና ቤተሰቡ ግን በማግስቱ ወር ሌላ ሰፈር ገቡ፣ አልፈረድኩባቸውም።

የተለየ ሐሳብ ያለው ከታች ይጻፍልን፣ የሰደበኝንም አነባለሁ። ነገ ጠዋት በዋጋ እንገናኛለን።

መልካም ሰንበት።