ተረከዙ የተረገጠ አዲስ ጫማ

በየዓመቱ የግሸን በዓል፣ መስከረም 21፣ ባለፈ ሳምንት ወደ መስፊያዬ የሚመጣው ጫማ አንድ ዓይነት ነው። ሶሉ አላለቀም፣ ቀለሙ አልለቀቀም፣ ከሥሩ የታተመው ቁጥር እንኳ ገና ይነበባል። ተረከዙ ግን ወደ ውስጥ ተረግጦ ተጨማዷል። ባለቤቱ ዳገቱ መሃል ሲደርስ እግሩ ተልጦ አላስኬድ ስላለው የኋላውን ደፍጥጦ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተ ነው ግሸን የወጣው። የተረገጠውን ተረከዝ ላቃናው እሞክራለሁ፤ ውስጡ ያለው ካርቶን አንዴ ከተሰበረ ግን አይመለስም። ሰውየው ለዓመት በዓል ብሎ ስንት ብር ያወጣበት ጫማ በአንድ ጉዞ ከሰረ፤ እግሩ እስኪድን ደግሞ እያነከሰ ይከርማል።

ወረኢሉ ላይ ጫማ እሰፋለሁ። በኔ እጅ የሚያልፈውን ጫማ ሳየው፣ የሀገሬ ሰው ለመንገድ ጫማ ሲመርጥ የሚያስበው መድረሻው ላይ ስለሚያዩት ዓይኖች እንጂ ስለ መንገዱ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ይህም የሚያሳዝነኝ በእግሩ እንደኛ የሚመካ ሰው ስለሌለ ነው።

ከኛ አካባቢ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚሄደው ብዙ ነው። ከወረኢሉና ከካቤ፣ ከመካነ ሰላምና ከአቀስታ የሚነሣው ደሴ ላይ ይገናኝና ወደ አምባሰል ያቀናል። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንዳረፈበት ወደሚታመነው አምባ በእግሩ መውጣትን እንደ በረከት የሚቆጥር አለ፤ መኪናው በዝቶ መንገድ ስለሚዘጋ ከሩቅ ወርዶ የሚራመድም አለ። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚወጡት ጎረቤቶቼም መንገዱ እንደሚፈትናቸው ይነግሩኛል። አዲስ አበባ ለጉብኝት የሚወሰዱት ተማሪዎች እንኳ ከዚህ አያመልጡም። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዙፋን አዳራሹ ወደ ክልሎች ማሳያ፣ ከዚያ ወደ አንበሶቹ ሲባል ቀኑ በንጣፍ ድንጋይ ላይ ሲራመዱና ሲቆሙ ያልቃል። ልጆቹ የሚለብሱት ደግሞ የበዓል ጫማቸውን ነው። ሸገር የሚሄድ ልጅ አሮጌ ጫማ አድርጎ እንዲታይ የትኛዋ እናት ትፈቅዳለች?

የእናቶቹ ነገር ይገባኛል። ጫማ በኛ ዘንድ ክብር ነው። አያቶቻችን ጫማቸውን በዱላቸው አንጠልጥለው እየሄዱ ከተማው በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ያጠልቁት እንደነበር ያልሰማ የለም። ያ ለጫማው የተደረገ ቁጠባ ነበር። ዛሬ የምናደርገው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በለመድነው ጫማ ቤት እንውልና አዲሱን ከካርቶኑ አውጥተን የዓመቱን ትልቁን መንገድ እንጀምርበታለን።

የሕፃናቱ ይብሳል። በነሐሴ መጨረሻ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጅ ይዛ መጣች። የገዛችለት ጫማ ስለሰፋው ከፊት ስፖንጅ እንድከትበት ነው። «እትዬ፣ ለምን በልኩ አልገዛሽለትም?» አልኳት። «ያድግበታል ብዬ ነዋ ወንድሜ፤ በየዓመቱ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን ልጁን እያራመድኩ ተረከዙን አየሁት፤ በየእርምጃው ከጫማው ወጥቶ ይመለሳል። እግር የሚላጠው እንዲህ ከወጣና ከገባ ነው፤ የሰፋ ጫማ ከጠበበው ባልተናነሰ ይልጣል። ስፖንጁን ከፊት መክተት ጣቶቹን ከመጠቅጠቅ በቀር ምንም አይረዳም። ከተረከዙ በስተኋላ ስስ ቆዳ አጣብቄ፣ በክሩ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ አድርጋ እንድታስርለት አሳይቼ ሰደድኳት። በልክ መግዛት ያልቻለ ወላጅ ቢያንስ ክር ያለውን ይምረጥ፤ ሰተት ብሎ የሚገባው ጫማ ሲሰፋ የሚይዘው ነገር የለም።

አቅም ያለው ደግሞ እንዲህ ያድርግ። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይገዛ። ቆሞና ተራምዶ የዋለ እግር ያብጣል፤ በማለዳ የለካችሁት ጫማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳገት መሃል ይጠብባችኋል። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፣ የሚገዛውም ለትልቁ ነው። ለመንገዱ ያሰባችሁትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይቅር። ይህ ክፍተት ዳገት ላይ አይታወቅም። ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው፤ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ይውልና በሳምንቱ ጠቁሮ ይወልቃል።

ጫማውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ከሚጀምሩበት ላይ ነው፤ ወገቡ ላይ የሚሰበር ከሆነ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ውስጥ እግራችሁን አድክሞ ይጥላችኋል። የተረከዙን ዙሪያ በሁለት ጣት ጨምቁት፤ ያለ ትግል ከገባ ተዉት። ከሁሉ በላይ ግን እጃችሁን አስገብታችሁ ገበሩን ዳስሱ። ስፌት ከስፌት የተገናኘበት ቦታ በጣት ጫፍ ከተሰማችሁ፣ ዳገቱ ላይ ሥጋችሁን የሚቆርጠው እሱ ነው። ይህን ነጋዴው አይነግራችሁም፤ ብዙውን ጊዜ እሱም አያውቀውም።

ልባሽ ጫማ የሚንቅ አለ፤ እኔ አልንቅም። ቆዳው ስለለሰለሰ ለመንገድ ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ብቻ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረማመድ ታትሞበታልና ጉልበታችሁን ይጎዳል። በረባሶም ለለመደው ሰው መልካም ነው፤ ጎማው ድንጋይ ይጨብጣል፣ ውኃም አይቋጥርም። ኮንጎን ግን ለሩቅ መንገድ አልመክርም። እግር ውስጡ በላብ ይርሳል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

አዲስ መግዛት የግድ ከሆነ ለፍልሰታ ይገዛ። ከነሐሴ መባቻ እስከ መስከረም 21 ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት እየተደረገ እግር ይለምደዋል። ነሐሴ ላይ ጭቃው አያስወጣም የምትሉኝ አላችሁ። የኛን ዋልካ አውቀዋለሁ፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ጫማውን በእጥፍ ያከብደዋል። እንግዲያው ቤት ውስጥ፣ ደጅ ላይ፣ እህል ስትለቅሙም ቢሆን አድርጉት።

«አባቶቻችን ያለ ጫማ አድዋ ደርሰው የለም ወይ?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። ደርሰዋል። ወረኢሉም የዚያ ጉዞ መሰብሰቢያ ነበረች፤ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እዚሁ እንዲደርስ አዘዋል። ከዚያ ሠራዊት አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ግን የነሱ ውስጥ እግር ከሕፃንነት ጀምሮ በድንጋይና በእሾህ ላይ የጠነከረ ነው። በካልሲና በጫማ ያደገ የዛሬ ልጅ ያ እግር የለውም። አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የሮጠው በተለማመደበት እግር ነው። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው መተዉ ይነገራል፤ ባልተለማመደው ጫማ ረጅም መንገድ አልጀመረም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ።

ባዶ እግርም ዋጋ አስከፍሏል። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ያለ ጫማ ከመሄድ የሚመጣ እንደሆነ ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ካሳየ ቆይቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እግርን በመታጠብና ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግ ይከላከሉታል። ሆኖም ሀገራችን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል። ለስእለት በባዶ እግሩ ግሸን የሚወጣውን አልናገርም፤ እሱ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ልጅን ግን «እኛም እንዲሁ አድገናል» ብሎ ያለ ጫማ ማሳደግ ይቅር።

የጉዞ ማኅበራት ማስታወቂያ ሲለጥፉ የመነሻውን ቀን፣ ዋጋውን፣ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ይጽፋሉ። ስለ ጫማ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ማስታወቂያውንም በመስከረም መጀመሪያ ሳይሆን በሐምሌ ይለጥፉት። በየመኪናው ፕላስተር፣ ወስፌና ክር የያዘ አንድ ሰው ይሳፈር፤ ከኛ ሙያ የሚሄድ አይጠፋም። መምህራንም ተማሪ ለጉብኝት ሲያስመዘግቡ «በለመዳችሁት ጫማ ኑ» ብለው ለወላጅ ይላኩ።

ነጋዴዎችንም አደራ የምለው አለኝ። ገዥ ጫማ ሲለካ ሶሉ እንዳይቆሽሽ ብላችሁ ሱቁ ወለል ላይ ካርቶን ታነጥፋላችሁ። ሰውየው እዚያ ላይ ሁለት እርምጃ ይራመድና ይከፍላል። በሁለት እርምጃ የሚታወቅ ጫማ የለም። ደጅ ወጥቶ እስከ መንገዱ ማዶ ደርሶ እንዲመለስ ፍቀዱለት፤ ሶሉን አቧራ ቢነካው በጨርቅ ይጠረጋል።