ኒጀርን ያለመለመው ችግኝ አይደለም

ደረቅ አገር የሚያገግመው ግድብ ሲገነባና ችግኝ በሚሊዮን ሲተከል ብቻ ነው፤ ገበሬውማ ዛፍ ጨራሽ ነው ይለናል በቅርቡ የታተመ አንድ ጽሑፍ። ጸሐፊው ኒጀርን ቢያስታውሱ እንዲህ ባልደፈሩ። በማራዲና በዚንደር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበሬዎች ከመሬት በታች በሕይወት ከቆዩ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡና እየገረዙ አሳደጉ፤ በዚህ መንገድ ዛፍ የለበሰው መሬት 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ቀድሞ ይቆርጡ የነበረውም ክፋት ይዟቸው ሳይሆን ሕጉ ዛፉን የመንግሥት ንብረት ስላደረገባቸው ነው። የራሱ ያልሆነውን ማን ይንከባከባል? በወላይታ ሁምቦም 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ያገገመው ከጉቶ ነው።

«ዝናቡ ስለተመለሰ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ዝናቡ ከ1984ቱ ድርቅ በኋላ መሻሻሉ እውነት ነው። ግን ድንበሩን ተሻግሮ፣ ተመሳሳይ ዝናብ በሚያገኘው ሰሜን ናይጄሪያ፣ የሳተላይት ምስሎች ያሳዩት ዛፍ እጅግ ያነሰ ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ዛፍ ውኃ ይጠጣል። አዎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን በደረቅ አገር ከርሰ ምድሩን ሊያራቁት ይችላል። በቡርኪና ፋሶ ተካሂዶ በ2016 የታተመ ጥናት ግን ዛፎች ራቅ ራቅ ብለው የቆሙበት መሬት ከባዶውም ከጥቅጥቁም ይልቅ ብዙ ውኃ ወደ ታች እንደሚያሰርግ አሳይቷል፤ ሥሩ አፈሩን ይከፍታል፣ ጥላው ትነትን ይቀንሳል። ይህ መልክ የገበሬው ማሳ እንጂ የተከላ ዘመቻው አይደለም። ግድቡስ? በተራቆተ ተዳፋት ግርጌ የተገነባ ግድብ ከውኃው ጋር ደለል ያጠራቅማል፤ ስለዚህ በጀቱ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ይሂድ።