ርካሹ ፔሌት ግሪልና «እውነተኛው እሳት»፦ ምላሽ

ባርቤኪውን አክብረው በሚይዙ አሜሪካውያን ዘንድ አንድ ፍርድ ሰፍኗል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ ካላቸው ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ተቀብለውታል። ፍርዱ ሁለት ክፍል አለው። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ፣ የተጨመቀ ሰጋቱራ (ፔሌት) የሚያነድ መሣሪያ ጭስ ጭስ የሚል ኦቨን እንጂ ባርቤኪው አይደለም ይላል አንደኛው። ሁለተኛው፣ የግድ ከተገዛም ከሺህ ዶላር በላይ የሆነው ይገዛ፣ አራትና አምስት መቶ ዶላር የሚሸጠው ገንዘብ ማባከኛ ነው ይላል። ሁለቱም አያስኬዱም። የሁለተኛው ጉዳት ግን ይብሳል፤ የመጀመሪያው ክርክር ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ጀማሪውን ከበር ይመልሰዋል።

ከ«እውነተኛ እሳት» እንጀምር። የአሜሪካ ደቡብ ባርቤኪው ያደገው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ነው። እንጨቱ በጎን ይነድዳል፤ ፍሙ በአካፋ እየተዛቀ ከሥጋው ሥር ይበተናል። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ዛሬ የጥንቱ ሥርዓት ጠባቂ ሆኖ የሚታየው፣ በጎኑ ማንደጃ ያለው የብረት በርሜል ግን የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ በቴክሳስና በኦክላሆማ የብየዳ ባለሙያዎች ከነዳጅ ቧንቧ ቁራጭ ያበጁት ነው። ከሰል ወዳዱም ቢሆን ፔሌትን «ሰጋቱራ» ብሎ ከመናቁ በፊት የራሱን ከረጢት ቢያይ ጥሩ ነው። ብሪኬት የሚባለው ከሰል በ1920ዎቹ በሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው ከመኪና ሥራ ከተረፈ እንጨት ነው፤ ጥራጊው ከስሎና ተፈጭቶ በስታርች ይጣበቅ ነበር። ፔሌት ማጣበቂያ እንኳ አያስፈልገውም፤ ሲጨመቅና ሲሞቅ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ራሱ ያያይዘዋል።

ኤሌክትሪኩስ? እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ የካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ማኅበር የውድድር ደንብ ይመስክር። ደንቡ እንጨትን፣ ከሰልንና ፔሌትን ይፈቅዳል፤ በጋዝና በኤሌክትሪክ ሙቀት ማብሰልን ይከለክላል፤ ማራገቢያውና ነዳጅ ገፊው በኤሌክትሪክ ቢሠሩ ግን አይቃወምም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። በፔሌት ግሪል ውስጥ የኤሌክትሪኩ ድርሻ እሳቱን መለኮስና እንጨት ማቀበል ነው፤ ሥጋውን የሚያበስለው የእንጨት እሳት ነው። ከጎን ካለው ሣጥን ጠመዝማዛ ዘንግ ፔሌቱን እየገፋ ትንሽ ማንደጃ ውስጥ ይጥላል፣ የጋለ ብረት ይለኩሰዋል፣ ማራገቢያ አየር ይሰጠዋል፣ መቆጣጠሪያው ሙቀቱን እየለካ የዘንጉን ፍጥነት ይወስናል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማገዶ የሚጨምረውን ሰው ሥራ ዘንግና ማራገቢያ ወረሱት፤ ለውጡ ይኸው ነው።

ተቃዋሚዎች የሚረቱበት ነጥብ ጭሱ ነው፤ እርሱንም ግማሹን ብቻ። የፔሌት ጭስ ከፍልጥ ጭስ ይቀልላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ምክንያቱ ግን የፔሌቱ «ሐሰተኛነት» ሳይሆን የእሳቱ ንጽሕና ነው። ለጭስ ጣዕም የሚሰጡት ጓያኮልና ሲሪንጎል ሊግኒን በሙቀት ሲፈርስ ይወጣሉ፤ እሳቱ በቂ አየር አግኝቶ ቦግ ብሎ ሲነድ አብዛኞቹ አብረው ይቃጠላሉ። የጠላ ጋን በወይራ ያጠነች እናት ይህን ሳይነግሯት ታውቀዋለች፤ ወይራው እንዲጤስ እንጂ እንዲነድ አትፈቅድም። በግሪሉም ሕጉ ያው ነው፦ በ225 ዲግሪ ፋራናይት (107 ሴልሺየስ) ገደማ ጭሱ ደህና ነው፣ በ400 ግን የለም ማለት ይቻላል።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ በዚህ ነጥብ የሰፈነው ፍርድ ከነገሩ አሠራር ጋር ይጋጫል። ፔሌት ግሪልን የፈለሰፈው የኦሬገኑ ጆ ትሬገር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ፓተንት አወጣ፤ እስከ 2006 ድረስም ገበያው በኩባንያው እጅ ቆየ። ፓተንቱ ሲያበቃ ሌሎች ገቡበት፤ ዋጋው የወረደውም በዚህ ነው። ስለዚህ ርካሹ ግሪል የተሰረቀ ወይም የጎደለ ንድፍ አይደለም። ሣጥኑ፣ ዘንጉ፣ ማንደጃውና ማራገቢያው ከውዱ ጋር በመርሕ አንድ ናቸው። ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው በአብዛኛው ወፈር ያለ ብረት፣ ድርብ ግድግዳ፣ ረዘም ያለ ዋስትና፣ በስልክ የሚታዘዝ መተግበሪያ፣ እንዲሁም ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ልዩነት የሚጠብቅ ረቀቅ ያለ መቆጣጠሪያ ነው።

የመጨረሻው እንደ ትልቅ ብልጫ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ፔሌቱን በተወሰነ ሰዓት ይገፋሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ደግመው ይገፋሉ፤ ሙቀቱም 20 እና 25 ዲግሪ ፋራናይት ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። በእረፍቱ ጊዜ እሳቱ ይደክማል፤ አዲስ ፔሌት ሲወድቅበት ወዲያው ከመንደድ ይልቅ ይጤሳል። እንደ ጉድለት የሚነገርለት መዋዠቅ ጭሱን ያመጣዋል ማለት ነው። ሥጋውስ መዋዠቁን ያውቀዋል? አሥር ሰዓት የሚበስል ፍርምባ አያውቀውም፤ ውስጡ የሚሰማው የሰዓታቱን አማካይ ሙቀት ነው። እንዲያውም ውስጡ 70 ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ለረጅም ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከላዩ የሚተነው እርጥበት ያቀዘቅዘዋል። ያን ጊዜ የውዱ መቆጣጠሪያ ትክክለኛነት አያፋጥነውም፤ ወይ ትዕግሥት ወይ በወረቀት መጠቅለል ነው መላው።

ርካሹ የማይችለውን ግን አልደብቅም። ጥብስ አይጠብስም። በአብዛኞቹ በማንደጃውና በፍርግርጉ መካከል የብረት መከለያ ስላለ ሥጋው ነበልባል አያገኝም፤ የሙቀቱም ጣሪያ 450 እና 500 ፋራናይት ነው። በጋለ ምጣድ የለመደውን ጥብስ ከዚህ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ከሰሉን አይጣል። በሚኒሶታ ክረምት ስስ ብረት ሙቀት ስለማይዝ ፔሌት ይፈጃል። መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል።

የጀማሪ መመሪያዎች የመጀመሪያውን ሙከራ በአሳማ ትከሻ አድርጉ ይላሉ፤ ለአብዛኛው አንባቢያችን ይህ ምክር አይሆንም። በምትኩ የበግ ወርች ወይም ቸክ ሮስት የሚሉትን የበሬ ትከሻ እመርጣለሁ። ጅማትና ስብ ስላላቸው ስሕተት ይችላሉ። በርበሬ በፍም ላይ ቶሎ ያርራል፤ በዚህ ቀስ ባለ ሙቀት ግን አዋዜ የተቀባ ሥጋ ሳይመርር ይጠቁራል። ይህን የአሜሪካ መጻሕፍት አይነግሯችሁም።

ከውዱ የተረፈው ገንዘብ መጀመሪያ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር ይግዛ፤ የግሪሉ መለኪያ የአንዲት ነጥብ አየር ብቻ ነው የሚለካው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዶሮ 165፣ ለተፈጨ ሥጋ 160፣ ላልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ 145 ፋራናይትና የሦስት ደቂቃ እረፍት ይላል። የክትፎ ወዳጅ በቁጥሮቹ ይሳቅ እንጂ በዶሮው አይቀልድ። ወርች በጣት እንዲበጣጠስ ግን 200 ገደማ መድረስ አለበት፤ ጅማቱ በደንብ ቀልጦ የሚለሰልሰው እዚያ ነው። አዲሱን ግሪል ሥጋ ሳይገባበት በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አንድዱት፤ የፋብሪካው ዘይት ይቃጠላል። ለቤት ማሞቂያ የተሠራ ፔሌት አትጠቀሙ፤ ለምግብ አልተሠራም። ጋራዥ ውስጥም አታንድዱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። አመዱን በየጊዜው ጥረጉ፣ ስቡን አጽዱ።

ርካሽ ግሪል ገዝተው በአንድ ክረምት ተበላሸ የሚሉ ሰዎችን ቅሬታ እሰማለሁ፤ አምናቸዋለሁም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዝናብ ነው። ፔሌት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል፣ ደርቆም ዘንጉን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ይህ በአራት መቶውም በሁለት ሺሁም ዶላር ግሪል እኩል ይደርሳል፤ መከላከያው መሸፈኛ ልብስና ሣጥኑን ባዶ ማሳደር ነው።