ተመርጦም መታዘዝ

ስለ ጃፓን በተነሣ ቁጥር እኛ ዘንድ ቶሎ የሚጠቀሰው የሜይጂ ዘመን ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ከዚያ ዘመን ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳ ስለሆነ ልማዱ አይገርምም። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው የአገረ ገዥውን ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1871 የመሳፍንቱ ግዛት ተሽሮ አገሩ በአውራጃ ሲከፈል፥ አገረ ገዥው ከቶኪዮ የሚሾም ሆነ። በ1947 ግን አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲጸና ምርጫው ለሕዝብ ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ራሱ ፈረሰ። ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው ነገሩ በዚሁ አለቀ ይላል።

አላለቀም። ሕዝብ የመረጠው አገረ ገዥ የሥራውን ሰፊ ክፍል የሚያከናውነው እንደ ሚኒስትሮች እንደራሴ ሆኖ ነበርና፥ በዚህ ሥራ የገዛ ምክር ቤቱ እንኳ ደንብ ሊያወጣበት አይችልም ነበር። ገንዘቡም እንዲሁ ነው፤ አጥቢያው ከገቢው በራሱ ግብር የሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው ተብሎ «የሦስት አሥረኛ ራስ ገዝነት» የሚል ፌዝ ወጣ። መንገድ ለማሠራት የድጎማ ማመልከቻ ይዞ የሚኒስቴሩን ደጅ የሚጠና ሹም ጌታው ማን ነው? መራጩ ሕዝብ ወይስ ፋይሉን የያዘው ጸሐፊ?

በ1995 የኦኪናዋው አገረ ገዥ ኦታ ማሳሂዴ፥ ባለርስቶቹ እምቢ ያሉትን የአሜሪካ ጦር ሰፈር የመሬት ሰነድ በእነርሱ ፈንታ እንዲፈርሙ ቢጠየቁ አልፈርምም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሰሷቸው፤ በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው።

የአገር መከላከያ የሁሉም ስለሆነ አንድ አገረ ገዥ ሊያግደው አይገባም የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም አልክድም። ነገር ግን ኦኪናዋ ከጃፓን መሬት ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ሆና ሳለ፥ ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተሰጠው ቦታ ከመቶ 70 ያህሉን ተሸክማለች። ሸክሙ የአንድ ደሴት ሲሆን ጉዳዩ የሁሉ ነው ማለት ለኔ አይዋጥልኝም።

በ2000 ያ የእንደራሴነት ሥራ በሕግ ቀረ። ፍሬም አላጣም፤ በ2020 ኢዙሚሳኖ የተባለች ከተማ ሚኒስቴሩን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታች። ዳሩ ግን በታኅሣሥ 2023፥ በኦኪናዋ ሄኖኮ ለሚሠራው ጦር ሰፈር ባሕሩን የመሙላት ሥራ እንዲለወጥ አገረ ገዥው ያልፈቀዱትን፥ ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ ሚኒስትሩ በእርሳቸው ፈንታ ፈቀዱት። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

በ2024 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ፥ ከባድ አደጋ ሲደርስ ሌላ ሕግ ባይኖርም መንግሥት አጥቢያዎችን እንዲያዝ ተፈቀደለት። ትእዛዙ የሚወጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ነው፤ ለፓርላማው የሚነገረው በኋላ ነው።